የጥናት መጽሐፍ ከየት ነው የሚጀመረው?

አዲስ_ገጽ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ሥራዬ ከምርምር ጋር አይገናኝም። ግን ታሪክ፣ ሶሲዮሎጂ፣ አንትሮፖሎጂ፣ ፖለቲካ፣ ፍልስፍና፣ የተገኘውን ሁሉ ማንበብ ደስ ይለኛል። ለሰፊው አንባቢ የተጻፉት ላይ ችግር የለብኝም። የሚያስቸግሩኝ የዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤቶች የሚያወጧቸው ናቸው። መግቢያው ገና ሳያልቅ የማላውቃቸው ሰዎች ስም ይግተለተላል። እገሌ እንዲህ ይላል፣ እገሊት ትቃወመዋለች፣ እነ እገሌ ደግሞ መሀል ሰፋሪ ናቸው። ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ ስደርስ ማን ምን እንዳለ ይጠፋኛል። መጽሐፉም እዚያው ይቀራል።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። እንዲህ ዓይነቱ መጽሐፍ ከየት ነው የሚጀመረው? ደግሞስ ጊዜዬን ከመስጠቴ በፊት ደህና መሆኑን በምን ልወቅ? የጀርባ ሽፋኑ ላይማ ሁሉም "ድንቅ ሥራ" ነው።

ጋሼ_ኅዳግ

እንኳን ደህና መጣሽ ልጄ። ያ የስም ጋጋታ የሚያደናግርሽ ክርክሩን ከመሀል ስለምትሰሚው ነው። የጥናት መጽሐፍ ባዶ ሜዳ ላይ አይጻፍም። ቀድሞ የተጀመረ ሙግት አለ፤ ጸሐፊው መሀል ገብቶ "ቆይ፣ እንደዚያ አይደለም" ይላል። ስለዚህ መግቢያውን ስታነቢ አንድ ነገር ብቻ ፈልጊ። ይህ ሰው የተጣላው ከማን ጋር ነው? እሱን ካገኘሽ ከስሞቹ አብዛኞቹን ብትረሺም ግድ የለም።

ምሳሌ ልስጥሽ። በ1968 (ዓመቶቹን የምንጠራው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው) ጋሬት ሃርዲን የተባለ የሥነ ሕይወት ምሁር "ሳይንስ" በተባለው መጽሔት ላይ አጭር ጽሑፍ አወጣ። ለሁሉም ክፍት የሆነ ግጦሽ አስቡ አለ። አንድ እረኛ አንድ ከብት ሲጨምር ጥቅሙ ለብቻው ነው፤ የሣሩ ማለቅ ግን ለሁሉም ይካፈላል። ስለዚህ ሁሉም ይጨምራል፣ ግጦሹም ያልቃል። ብዙዎች ከዚህ ተነስተው መፍትሔው ወይ መንግሥት ይያዘው፣ ወይ ለግለሰብ ይከፋፈል ነው አሉ። ኤሊኖር ኦስትሮም በ1990 "ገቨርኒንግ ዘ ኮመንስ" (የጋራ ሀብትን ማስተዳደር እንደማለት) የተባለውን መጽሐፏን ስታወጣ የተጣላችው ከዚህ "ወይ፣ ወይ" ጋር ነው።

እንዴት ተሟገተች መሰለሽ? ሌሎች አጥኚዎች በየቦታው የሰበሰቡትን ሳይቀር አንድ ላይ አምጥታ ሰዎች በተግባር ምን እንዳደረጉ አሳየች። ስዊዘርላንድ ተራራ ላይ ቶርበል የምትባል መንደር አለች። በ1517 የወጣው ደንቧ ማንም ሰው በብርዱ ወራት ሊቀልባቸው ከሚችላቸው በላይ ላሞችን ወደ ጋራው ግጦሽ እንዳይልክ ይከለክላል። እስቲ አስቢው። መንግሥት አልወሰደውም፣ ለግለሰብም አልተሸጠም። ልኩን የሚወስነው እያንዳንዱ ለብርዱ ወራት ያከማቸው ድርቆሽ ነው። ጎረቤት ጎረቤቱን ለመቆጣጠር ከዚህ የሚቀል ነገር የለም። ስፔን ውስጥ ቫሌንሲያ ደግሞ የመስኖ ገበሬዎቹ ራሳቸው የመረጧቸው ዳኞች ሐሙስ ሐሙስ ካቴድራሉ በር ላይ ተቀምጠው የውኃ ጠብ ይዳኛሉ። ኦስትሮም ያልተሳካላቸውን ቦታዎችም አልደበቀችም። በ2009 በኢኮኖሚክስ ኖቤል ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። የተማረችው ግን ፖለቲካል ሳይንስ ነው።

ሃርዲንን ሳታውቂ ይህን መጽሐፍ ብትከፍቺው ስለ ላምና ስለ ቦይ የተጻፈ አሰልቺ ዝርዝር ነው የሚመስልሽ።

ሰንጠረዥ

ጋሼ የጀመሩትን ልቀጥል። ጠቡ ከታወቀ በኋላ ቀጥሎ የሚመጣው "ማስረጃው ምንድን ነው?" ነው። እዚህ ላይ የትምህርት ዘርፎቹ በጣም ይለያያሉ። ብዙ ሰው የሚሰናከለውም አንዱን በሌላው ሚዛን ሲመዝን ነው።

ኢኮኖሚስቱ ብዙ ቁጥር ይዞ ይመጣል። ከዚያ "ይህ ባይሆን ኖሮስ?" ለሚለው የሚሆን ማነጻጸሪያ ይፈልጋል። አንትሮፖሎጂስቷ አንድ ቦታ ዓመትና ከዚያ በላይ ትቀመጣለች። ቋንቋውን ትለምዳለች። ሰው የሚናገረውና የሚያደርገው የት ጋ እንደሚለያይ ታያለች። "አንድ መንደር ብቻ አይታ እንዴት ትደመድማለች?" የሚል አስተያየት በየቦታው አያለሁ። ጥያቄው የሚያስኬደው ስለ መንደሮች ሁሉ ከተናገረች ነው። "እዚህ ነገሩ እንዲህ ይሠራል" ብቻ ካለች ግን መጠየቅ ያለባት ያን አንድ መንደር በደንብ አይታዋለች ወይ ነው። የታሪክ ሰው የሚሠራው በተረፈለት ወረቀት ነው። ማን ጻፈው፣ ለማን ጻፈው፣ የማን ድምፅ ሳይጻፍ ቀረ ይላል። ፈላስፋው ጭራሽ መረጃ ላያመጣ ይችላል። እሱ የሚሞግትሽ በሐሳቡ አካሄድ ነው፤ አንዱ እርምጃ ካልተከተለ ቀሪው አብሮ ይወድቃል።

እኔ የቁጥር ሰው ነኝ። ሰንጠረዥ ያለበት መጽሐፍ ሳገኝ ጽሑፉን ትቼ መጀመሪያ ከሰንጠረዡ ሥር ያለችውን ደቃቃ ማስታወሻ አነባለሁ። ስንት ሰው ተጠየቀ፣ መቼ ተጠየቀ፣ ማን ተተወ የሚለው የሚደበቀው እዚያ ነው።

ጥርጣሬ

ወዴት እየሄዳችሁ እንደሆነ ገብቶኛል። ቀጥሎ "መግቢያና መደምደሚያውን አንብቢ፣ መሀሉን ዝለዪ" የሚል ሊመጣ ነው። ሳይመጣ ልቃወመው።

ይህ ምክር ነገ ፈተና ላለበት ተማሪ ይሠራል። የታሪክና የባህል ጥናትን ግን ብዙ ጊዜ ይገድለዋል። የካርሎ ጊንዝበርግን "አይብና ትሎች" እንውሰድ፤ በጣሊያንኛ በ1976 የወጣውን። ፍሪዩሊ በሚባል አካባቢ ሜኖቺዮ የሚሉት አንድ ባለወፍጮ ነበር። ማንበብ ይችላል፤ ማውራትም ይወዳል። በ1584 የቤተ ክርስቲያን መርማሪዎች ፊት ቀረበ። ዓለም እንዴት እንደተፈጠረች ሲናገር፣ መጀመሪያ ሁሉም ነገር ድብልቅልቅ ነበር፣ ከዚያ ከወተት አይብ እንደሚረጋው ረጋ፣ በውስጡም ትሎች ታዩ፣ እነሱም መላእክት ነበሩ አለ። አሰሩት፣ ቆይተው ፈቱት። አፉን ግን አልዘጋም። በ1599 እንደገና ተያዘ፤ መጨረሻውም የሞት ቅጣት ሆነ።

የመጽሐፉን ሙግት በሁለት መስመር ልጽፍልሽ እችላለሁ። ተራው ሰው ያነበበውን እንዳለ አይውጥም፤ በአፍ ሲወርድ ሲዋረድ ከመጣው ባህሉ ጋር አዋህዶ ሌላ ነገር ያደርገዋል። ይኸው ነው። አሁን መጽሐፉን አወቅሽው? ጊንዝበርግ ባለወፍጮው ያነበበውን ገጽ ከችሎት ቃሉ ጎን ያስቀምጣል። "እዚህ ጋ ጨምሮበታል፣ እዚህ ጋ ገልብጦታል፣ ለምን?" እያለ አንድ በአንድ ይሄዳል። ያንን ሳታዪ የያዝሽው መፈክር ነው። እዚህ መጽሐፍ ውስጥ ማስረጃውን ከአተራረኩ መነጠል አይቻልም።

ሰንጠረዥ

እንዲህ ላለው መጽሐፍ እሺ። ግን እንነጋገር ከተባለ፣ ስንቱ የጥናት መጽሐፍ ነው እንደ ጊንዝበርግ የተጻፈው? አብዛኛው በየምዕራፉ መጀመሪያ "በዚህ ምዕራፍ እንዲህ አሳያለሁ" ይላል። መጨረሻው ላይ "እንዲህ አሳይቻለሁ" ይላል። ጸሐፊው ራሱ እየዘለልሽ እንድታነቢ መንገዱን ጠርጎልሻል። ሕሊናሽ አይውቀስሽ።

ጥርጣሬ

የጠረገው ረቂቁን ከመታተሙ በፊት ያነበበ ገምጋሚ ስላስገደደው ነው። ለማንኛውም ዝለዪ፣ አልከለክልም። ግን ቢያንስ አንድ ምዕራፍ ከላይ እስከ ታች፣ ከነማስታወሻው አንብቢ። ሰውየው ማስረጃ እንዴት እንደሚይዝ የሚታወቀው እዚያ ነው። ማስረጃውን እንደፈለገ የሚጠመዝዝ ከሆነ የመደምደሚያው ማማር ምን ይሠራልሻል?

የመደርደሪያ_ሰው

እኔ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነኝና የመደርደሪያውን ነገር ላንሳ። ብዙ ቤተ መጻሕፍት የሚጠቀሙበት የዲዊ አመዳደብ በ1876 የወጣ ነው። 100 ፍልስፍና፣ 300 ማኅበራዊ ሳይንስ፣ 800 ሥነ ጽሑፍ፣ 900 ታሪክና ጂኦግራፊ። ሲሰሙት ያምራል። ችግሩ አንድ ቅጂ የሚቀመጠው አንድ ቦታ ብቻ መሆኑ ነው። ስለ ፋብሪካ ሴት ሠራተኞች የተጻፈ መጽሐፍ 331.4 ላይ ሊገባ ይችላል፤ የሥራና የሠራተኛ ጉዳይ ነዋ። 305.4 ላይም ያስኬዳል፤ ስለ ሴቶች ነው። የአንድ አገር የአንድ ዘመን ታሪክ ከሆነ 900ዎቹ ውስጥ ይወሸቃል። አንባቢ አንዱን መደርደሪያ ፈትሾ "በጉዳዩ ላይ ያላችሁ ይኸው ነው?" ይለኛል። የቀረው ሌላ ፎቅ ላይ ነው።

ዘዴው ቀላል ነው። ከርዕሱ ገጽ ጀርባ የቅጂ መብቱ የሚጻፍበት ገጽ አለ። ብዙ ጊዜ እዚያ ላይ የርእሰ ጉዳይ ቃላት በደቃቁ ታትመው ታገኛለሽ። ካታሎጉን በእነሱ ፈልጊው፤ በየፎቁ የተበተኑት አንድ ላይ ይመጣሉ። ዋቢ መጻሕፍቱንም ገልበጥ ገልበጥ አድርጊ። በሁለት ሦስት መጻሕፍት ዋቢ ውስጥ የሚደጋገም ሥራ ካለ ክርክሩ የሚሽከረከረው በሱ ዙሪያ ነው። ጋሼ "ከማን ጋር ተጣላ" ላሉት አንዱ አቋራጭ ይህ ነው።

ኢንዴክሱንም፣ መጨረሻው ላይ ያለውን የቃላት ማውጫ፣ አትናቂው። መጽሐፉ ስለ ድህነት ሆኖ ኢንዴክሱ ውስጥ "ደመወዝ" የሚለው ከሌለ፣ ሳትገዢው ብዙ ነገር ነገረሽ ማለት ነው።

አዲስ_ገጽ

ኧረ ተባረኩ። ጋሼ፣ አንድ የሚያደናግረኝ ነገር አለ። አንዳንዱ መጽሐፍ በየገጹ ግርጌ ማስታወሻ ይደረድራል። ሌላው ዓረፍተ ነገሩ መሀል በቅንፍ ስምና ዓመት ይከትታል። ልዩነቱ የሚነግረኝ ነገር አለ ወይስ የአሳታሚ ምርጫ ብቻ ነው?

ጋሼ_ኅዳግ

የአሳታሚም ምርጫ አለበት፤ ግን ከዚያ ያልፋል። በቅንፍ ስምና ዓመት መጻፍ ከተፈጥሮ ሳይንስ የመጣ ልማድ ነው። ኤድዋርድ ሎረንስ ማርክ የተባለ የሃርቫርድ የሥነ እንስሳት መምህር በ1881 ባወጣው ጽሑፍ እንደተጠቀመበት ይነገርለታል። የአሜሪካ የሥነ ልቦና ማኅበር የአጻጻፍ መመሪያም በ1929 በጥቂት ገጾች ተጀምሮ ነው ዛሬ ወፍራም መጽሐፍ የሆነው። ዓመቱ ፊት ለፊት መታየቱ ምክንያት አለው። አዲስ ግኝት ቶሎ ቶሎ አሮጌውን በሚተካበት ዘርፍ "ይህ የ1985 ነው" ብሎ በዓይን ለመለየት ይመቻል።

የታሪክ ሰው ግን የሚጠቅሰው መዝገብ ቤት ያለ ሣጥን፣ ፋይል፣ የቅጠል ቁጥር ነው። ይህን ሁሉ በቅንፍ አስገባው ብትይው ዓረፍተ ነገሩ ይታነቃል። ደግሞ ከግርጌ መጨቃጨቅ ይወዳል። "እገሌ ይህን ሰነድ ከነቀኑ አሳስቶ ጠቅሶታል" የምትል መርዝ የምትገኘው እዚያ ነው። እኔማ ጨዋታውን የምፈልገው ከታች ነው።

መሞከሪያ ልስጥሽ። ከመጽሐፉ አንድ ከበድ ያለ አባባል ምረጪ፤ "ሕዝቡ አዋጁን ከልቡ ተቀበለው" ዓይነት። ወደ ማስታወሻው ውረጂ። የተጠቀሰው አዋጁን ያስፈጸመው ሹም ለአለቃው የጻፈው ሪፖርት ብቻ ከሆነ፣ ሹሙ ታዲያ ሌላ ምን ሊጽፍ ኖሯል?

ቀይ_እስክሪብቶ

"ደህና መሆኑን በምን ልወቅ" ያልሽው ሳይመለስ ቀረ። እኔ በዚህ መንገድ መጽሐፍ አሳትሜያለሁና የጓዳውን ልንገርሽ።

ጸሐፊው መጀመሪያ ፕሮፖዛል ይልካል። አርታኢው ከወደደው ረቂቁ በዘርፉ ለሚሠሩ ገምጋሚዎች ይሄዳል፤ ብዙውን ጊዜ ሁለት ናቸው። ስማቸው ለጸሐፊው አይነገርም። "ምዕራፍ ሦስት ይውጣ፣ የእገሊትን ሥራ አላየኸውም፣ ድምዳሜህ ከማስረጃህ በለጠ" ብለው ይመልሱታል። ይታረማል። የዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ከሆነ ደግሞ የመምህራን ቦርድ ያጸድቀዋል። በዚህ መሀል ዓመታት ይሄዳሉ። ኢንዴክሱን ብዙ ጊዜ ጸሐፊው ራሱ ይሠራዋል፤ ካልሆነ ከኪሱ ከፍሎ ያሠራል። የእኔ አሳታሚ ይህን የነገረኝ የመጨረሻው ፕሩፍ (ከመታተሙ በፊት የሚታረመው ቅጂ) እጄ ከገባ በኋላ ነው። እስካሁን ያበግነኛል።

ይህ ሁሉ ውጣ ውረድ መጽሐፉን እውነት አያደርገውም። ጉዳዩን የሚያውቁ ሰዎች አንብበው "ይታተም" ማለታቸውን ብቻ ነው የሚነግርሽ። ከዚያ በላይ አትጠብቂበት።

እኔ ማንኛውንም መጽሐፍ ስይዝ መጀመሪያ የማነበው፣ እንዳትስቂብኝ፣ የምስጋና ገጹን ነው። አማካሪዋ ማን ነበር? የትኞቹ መዛግብት ቤቶች ገባች? ገንዘቡን ማን ሰጣት? ስማቸው ያልተገለጸ ገምጋሚዎችን አመስግናለች? የጸሐፊዋን ወገን በአንድ ገጽ ታገኚዋለሽ። ገንዘብ የሰጠው አካል መጽሐፉ በሚለው ነገር የሚጠቀም ከሆነ ልብ ብለሽ አንብቢ።

ያለምንም ግምገማ የሚያሳትሙም አሉ። ተመራቂውን በኢሜይል "ጥናትህን አንብበን ተደንቀናል" ይሉታል። አላነበቡትም። ፋይሉ እንዳለ ሽፋን ለብሶ ለሽያጭ ይወጣል። ምልክቱ እውስጡ ይታያል። "ይህ ጥናት አምስት ምዕራፎች አሉት" ብሎ ይጀምራል። ሁለተኛው ምዕራፍ ሙሉውን የቀደሙ ጥናቶች ዳሰሳ ነው። ኢንዴክስ የለውም። ይዘቱ መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም፤ ግሩም የመመረቂያ ጽሑፎች አሉ። ግን ያንኑ ጽሑፍ ዩኒቨርሲቲው በነጻ ዌብሳይቱ ላይ ጭኖት ሊሆን ይችላል። ገንዘብ ከማውጣትሽ በፊት ፈልጊው።

ፈጣን_መልስ

ይህን ሁሉ ከመድከም ፒዲኤፉን ለኤአይ ሰጥቶ "አሳጥርልኝ" ማለት አይቀልም? እኔ እንደዚያ ነው የማደርገው፣ ተመችቶኛል።

ጥርጣሬ

ይቀላል። ሲያሳጥር መጀመሪያ የሚጥላቸው ግን "በዚያ ዘመን ብቻ"፣ "ከከተማ ውጭ ግን"፣ "ምናልባት" የሚሉትን ነው። ጸሐፊው ዓመታት የለፋው እነሱን በትክክለኛው ቦታ ለማስገባት ነበር። አንዳንዴ ደግሞ መጽሐፉ ውስጥ የሌለ ጥቅስ ከነገጽ ቁጥሩ ይሰጥሃል።

የመደርደሪያ_ሰው

ማሳጠሪያ ከተፈለገ በዘርፉ ሰዎች የተጻፈ አለ፤ ሪቪው፣ የመጽሐፍ ሒስ ማለት ነው። የየዘርፉ ጆርናሎች መጨረሻ ገጾቻቸው ላይ ሁለት ሦስት ገጽ የሚሆን የመጽሐፍ ሪቪው ያወጣሉ። በታሪክና በአካባቢው ላሉ ዘርፎች ኤችኔት የተባለ የምሁራን መድረክ ኢንተርኔት ላይ በነጻ ያስነብባል። ሁለት ሪቪው አንብብ፤ ከተለያየ ዘርፍ ቢሆኑ ይመረጣል። ሁለቱም የሚያነሱት እንከን ካለ ነገሩ እውነት ሳይኖረው አይቀርም። አንዱ ጆርናል አወድሶት ሌላው ያብጠለጠለው መጽሐፍ ካገኘህ ደግሞ አንብበው፤ አይሰለችህም።

ፈጣን_መልስ

እሺ፣ ሪቪውን አላውቅም ነበር። ግን ዋጋቸውስ? ይህን ያህል የሚወደዱት ጸሐፊዎቹ ሀብታም ሊሆኑ ነው?

ቀይ_እስክሪብቶ

ሀብታም አልክ? የደረሰኝን ብነግርህ ታዝንልኛለህ። ነገሩ የሽያጩ ብዛት ነው። አንድ ሞኖግራፍ፣ በአንድ ጉዳይ ላይ ብቻ የተጻፈ የጥናት መጽሐፍ፣ በመላው ዓለም ጥቂት መቶ ቅጂ ብቻ ሊሸጥ ይችላል። ገዢዎቹም በአብዛኛው ቤተ መጻሕፍት ናቸው። የአርትዖቱ፣ የገጽ አቀማመጡ፣ የሁሉም ወጪ በነዚያ ጥቂት ቅጂዎች ላይ ይወድቃል። ስለዚህ መጀመሪያ በጠንካራ ሽፋን፣ በውድ ዋጋ ለቤተ መጻሕፍት ይወጣል። ፈላጊ ካለው ቆየት ብሎ በስስ ሽፋን ይመጣል። ካልቸኮልክ ጠብቀው።

የመደርደሪያ_ሰው

በእኛ በኩል ያለውን ልጨምር። የሳይንስ ጆርናሎች የደንበኝነት ክፍያ ለአሥርት ዓመታት እየናረ የቤተ መጻሕፍትን በጀት በላው። የሚቆረጠው ከመጻሕፍት መግዣው ነበር። እኛ ስንቀንስ አሳታሚው ዋጋ ይጨምራል፤ እሱ ሲጨምር እኛ እንደገና እንቀንሳለን። መሀል ላይ የተጎዱት ታሪክና ፍልስፍናን የመሳሰሉ፣ ሥራቸው በመጽሐፍ የሚለካባቸው ዘርፎች ናቸው።

ደግነቱ በነጻ የሚነበበው እየበዛ ነው። ኦፕን ቡክ ፐብሊሸርስ ከ2008 ጀምሮ አለ። የለንደኑ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ማተሚያ ዩሲኤል ፕሬስ በ2015 ሲጀምር ሁሉንም በኦፕን አክሰስ፣ ለሁሉም በነጻ ክፍት፣ አደርጋለሁ ብሎ ነው። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያም በዚያው ዓመት ሉሚኖስ የሚለውን የነጻ መጻሕፍት ፕሮግራም ከፈተ። ሁሉንም አንድ ላይ ለመፈለግ በ2012 የተጀመረ "ዳይሬክተሪ ኦፍ ኦፕን አክሰስ ቡክስ" የሚባል ማውጫ አለ። "ነጻ ከሆነ አልተገመገመም" የሚል ወሬ አትስሙ። ማውጫው ውስጥ ለመግባት መጽሐፉ በአቻ ምሁራን የተገመገመ መሆን አለበት።

ጥርጣሬ

ነጻ ሲባል ግን የሆነ ሰው ከፍሏል። ብዙ ቦታ ወጪውን የሚሸፍነው የጸሐፊው ዩኒቨርሲቲ ወይም የምርምር ገንዘብ ሰጪው ነው። ባለገንዘብ ዩኒቨርሲቲ ያለው ጸሐፊ በዓለም ሁሉ በነጻ ይነበባል። የሌለው ደግሞ በውድ ሽፋን ተዘግቶበት ይቀራል።

የመደርደሪያ_ሰው

ትክክል ነህ። ለዚህ ነው ቤተ መጻሕፍት በጋራ የሚያዋጡበት መንገድ የመጣው። ኤምአይቲ ፕሬስ በ2021 እንዲህ ያለ አሠራር ጀምሯል። በቂ ቤተ መጻሕፍት ካዋጡ አዲሶቹ ሞኖግራፎች ለሁሉም ይከፈታሉ፤ ጸሐፊው አይከፍልም። እንዲህ ዓይነቱ መዋጮ የት ድረስ እንደሚዘልቅ ገና እናያለን።

አዲስ_ገጽ

አንድ የመጨረሻ ጥያቄ። በክላሲኮቹ ልጀምር ወይስ በአዲሶቹ?

ሰንጠረዥ

ክላሲክ የሚነበበው መልሱ ትክክል ስለሆነ ላይሆን ይችላል። ፈረንሳዊው ሶሲዮሎጂስት ዱርካይም በ1897 ራስን ስለማጥፋት የጻፈውን ሶሲዮሎጂ የሚማር ሁሉ ያነበዋል። የግል ሐዘን የሚመስለው ነገር ከኅብረተሰብ ወደ ኅብረተሰብ የሚለያይበትን ምክንያት መጠየቁ ትልቅ ነገር ነበር። ማስረጃው ግን የአውራጃና የአገር ቁጥር ነው። ከአውራጃ ቁጥር ተነስቶ ስለ ግለሰብ መደምደም አደገኛ ነው።

አደገኛነቱን ዊልያም ሮቢንሰን በ1950 በአሜሪካ የሕዝብ ቆጠራ አሳየ። ክፍለ ግዛቶቹን ስታወዳድሪ፣ ከውጭ አገር የመጣ ሰው በበዛበት ክፍለ ግዛት ማንበብና መጻፍ የማይችለው ሰው ያንሳል። እንግዲህ ስደተኞቹ የተሻለ የተማሩ ናቸው ልትዪ ነው። ሰው በሰው ሲቆጠር ግን ተገላቢጦሽ ሆኖ ተገኘ፤ ከስደተኞቹ ማንበብ የማይችለው ይበዛል። ስደተኞቹ የሚሰፍሩት የነባሩ ሕዝብ ትምህርት ከፍ ባለባቸው ክፍለ ግዛቶች ስለነበር ነው። ይህን ካወቅሽ በኋላ ዱርካይምን ብታነቢ ሌላ ሰው ሆነሽ ነው የምታነቢው። ጋዜጣ ላይ "እንዲህ ያሉ ሰዎች የበዙበት ወረዳ እንዲህ መረጠ" የሚለውንም እንደዚያው።

ጋሼ_ኅዳግ

እትሙንም እዪ። የሳይንስ ታሪክና ፍልስፍና ሰው የሆነው ቶማስ ኩን ስለ ሳይንስ አብዮቶች የጻፈው መጽሐፍ በ1962 ወጣ። የ1970ው ሁለተኛ እትም ላይ ግን ለተቺዎቹ መልስ የሰጠበት ረዘም ያለ ድኅረ ቃል ተጨመረ። ያለ ድኅረ ቃሉ ያነበበና ከነድኅረ ቃሉ ያነበበ ሲከራከሩ ስለ ሁለት የተለያዩ ሰዎች የሚያወሩ ይመስላሉ።

ዘርፉ ጭራሽ አዲስ ከሆነብሽ ደግሞ ኦክስፎርድ ከ1995 ጀምሮ የሚያወጣቸው አጫጭር የመግቢያ መጻሕፍት አሉ፤ በኪስ የሚያዙት። ሁሉም እኩል አይደሉም፤ ግን የክርክሩን ሰዎች ያስተዋውቁሻል። የብዙ ጸሐፊዎች ስብስብ የሆነ መጽሐፍ ሲያጋጥምሽ የአርታኢውን መግቢያና የሚመለከቱሽን ምዕራፎች አንብበሽ ተዪው። እሱን ከዳር እስከ ዳር የሚያነበው አራሚው ብቻ ነው።

አዲስ_ገጽ

እሺ፣ ወሰንኩ። የጋራ ሀብቱን ክርክር ልይዘው ነው። በምን ቅደም ተከተል ላንብበው?

ጋሼ_ኅዳግ

ሃርዲንን አስቀድሚ፤ ስድስት ገጽ ቢሆን ነው። በቁጣ አንብቢው፣ ግን እስከ መጨረሻው አንብቢው። ሰዎች ከሚጠቅሱለት ግጦሽ ይልቅ ስለ ሕዝብ ብዛት የሚያወራው እንደሚበዛ ታያለሽ። በነገራችን ላይ ሃርዲን ራሱ ቆይቶ፣ የተናገረው አስተዳዳሪ ስለሌለው የጋራ ሀብት መሆኑን መግለጽ እንደነበረበት ጽፏል። ከዚያ የኦስትሮም ምዕራፍ 1፣ ቀጥሎ ምዕራፍ 3። ቶርበልና ቫሌንሲያ ያሉት 3 ውስጥ ነው። ምዕራፍ 2 ጽንሰ ሐሳብ ስለሚበዛበት መጀመሪያ ላይ ከገባሽበት ትተዪዋለሽ፤ በኋላ ተመለሺበት።

ጥርጣሬ

ምዕራፍ 5ን እንዳትዘልዪው። ያልተሳካላቸው ያሉት እዚያ ነው። የተሳካላቸውን ብቻ አንብበሽ ከወጣሽ ማኅበር ካቋቋምን ሁሉም ይስተካከላል የሚል እምነት ይዘሽ ትቀሪያለሽ። እሷ እንደዚያ አላለችም።

ሰንጠረዥ

እዚያው ምዕራፍ 5 መጨረሻ አካባቢ ቦታዎቹን ከመርሆቿ፣ የጋራ አስተዳደር እንዲዘልቅ ያግዛሉ ካለቻቸው፣ ጋር የሚያስተያይ ሰንጠረዥ አለ። የትኛው ቦታ የትኛውን አሟላ፣ የትኛው ጎደለው፣ ውጤቱስ ምን ሆነ የሚለውን በአንድ ገጽ ያሳይሻል። ኮፒ አድርገሽ ምዕራፍ 3ን ስታነቢ አጠገብሽ አስቀምጪው።

አዲስ_ገጽ

የሃርዲንን አግኝቼዋለሁ፣ ዛሬ ማታ እጀምራለሁ። ኦስትሮምን ካታሎግ ላይ ፈልጌ ሁለት ቅጂ አለ ይላል፤ አንዱ ወጥቷል። ምዕራፍ 3ን ስጨርስ የግርጌ ማስታወሻ ጥያቄ ይዤ እመጣለሁ ጋሼ።

ጋሼ_ኅዳግ

የሷ ማስታወሻዎች ከኋላ ናቸው የተሰበሰቡት። ሁለት ዕልባት ያዢ።